ድሮኑ አልሰማም፣ ቦታ ሳተ ወይስ አቅም አነሰው? ለእያንዳንዱ የሚመረጠው መላ

ድሮን የጠፋበት ሰው የሚናገረው ቃል ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሲግናል ጠፋና ሄደ»። የበረራው መዝገብ ተከፍቶ ሲታይ ግን ብዙውን ጊዜ ከሦስት የተለያዩ ችግሮች አንዱ ይገኛል። አንደኛው፣ ድሮኑ የት እንዳለ አሳምሮ ያውቃል፤ ሪሞቱን ግን አይሰማም። ሁለተኛው፣ ሪሞቱን ይሰማል፤ የት እንዳለ ግን አያውቅም፣ ወይም ያወቀ መስሎት ተሳስቷል። ሦስተኛው ይሰማልም፣ ያውቃልም፤ ነፋሱን የሚቋቋምበት ጉልበት ግን የለውም።

መለየቱ የሚጠቅመው መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ነው፤ አንዳንዴም ስለሚቃረን። ለመጀመሪያው እጅን ከስቲኩ አንስቶ ድሮኑ ራሱ እንዲመለስ መተው ያዋጣል። ለሁለተኛው ያንኑ ማድረግ ድሮኑን ግድግዳ ላይ ሊያላትመው ይችላል። ለሦስተኛው ደግሞ ድሮኑን ወደ ተነሳበት የሚጠራውን የሪሞቱን የመመለሻ ቁልፍ ተጭኖ ቆሞ መጠበቅ ባትሪውን አየር ላይ መጨረስ ነው። ከዚህ በታች መጀመሪያ ችግሮቹን፣ ከዚያ ሴቲንጎቹን፣ ቀጥሎም ድሮኖቹን እናወዳድራለን። አብዛኛው ምሳሌ ዲጄአይ የተባለው አምራች ከሚሠራቸው ትንንሽ የሚኒ ድሮኖች የተወሰደ ነው፤ የሌላ ድሮን ባለቤትም በራሱ መተግበሪያ ውስጥ ተመሳሳዩን ሴቲንግ ያገኘዋል።

የገጠመዎት የቱ ነው?

ድሮኑ በዓይን የሚታይ ከሆነ ስክሪኑን ትተው ወደ ላይ ይመልከቱ። ስቲኮቹን ለቅቀው ሦስት አራት ሰከንድ ቢያዩት ራሱ ይነግርዎታል።

ሰውነቱን ወደ ነፋሱ አዘንብሎ እየታገለ ወደ ኋላ የሚገፋ ከሆነ አቅም አንሶታል። ሳያዘነብል፣ ቀጥ ብሎ፣ ነፋሱ እንደ ፊኛ እየወሰደው ከሆነ ደግሞ ጂፒኤሱንም፣ መሬቱን እያየ ባለበት የሚቆምበትን የታች ካሜራውንም አጥቷል፤ በባሮሜትር (የአየር ግፊት በሚለካው መሣሪያ) ከፍታውን ብቻ ይዟል። አብራሪዎች ይህን አቲ ሞድ ይሉታል። ክብ እየሠራ፣ ክቡም በየዙሩ እየሰፋ ከሄደ ጥፋቱ ሰሜንን የሚጠቁመው የኮምፓሱ ነው። ከመሬት አንድ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ወዲያና ወዲህ ቀስ እያለ የሚዋልል ከሆነ የታች ካሜራው የሚይዘው ነገር አጥቷል፤ ከሥሩ ውሃ፣ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ወይም ጨለማ ይኖራል። ስቲኩን ነክተውት ምንም ካልመለሰ ብቻ ነው ሲግናል ጠፋ የሚባለው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የቪዲዮው መቆም የሲግናል መጥፋት አይደለም። ቪዲዮ ብዙ ዳታ ስለሚጭን ቀድሞ የሚንቀራፈፈው እሱ ነው፤ የትእዛዙ ሲግናል ግን ቀላል ስለሆነ ከቪዲዮው በኋላም ይቆያል። ስክሪኑ ጠቆረ ማለት አንዳንዴም ስልኩ ሞቆ መተግበሪያው ተዘጋ፣ ወይም ከሪሞቱ ወደ ስልኩ የሚሄደው ገመድ ላላ ማለት ብቻ ነው። ከሱቅ በርካሽ የሚገዙ አንዳንድ የዩኤስቢ ገመዶች ቻርጅ ብቻ እንጂ ዳታ አያስተላልፉም፤ የድሮኑን ገመድ ለሌላ ሥራ አውጥቶ በዚያ መተካት ራስን ማሳወር ነው። ስክሪኑ ሲጠቁር ሪሞቱ ላይ ያለው የመመለሻ ቁልፍ በአብዛኛው ይሠራል። ጫን አድርገው ይያዙትና ድምፅ ሲሰጥ ይልቀቁት። ሪሞቱን አያጥፉት፤ ገመዱን ነቅለው ይሰኩ፣ መተግበሪያውን እንደገና ይክፈቱ።

ሲግናል ሲቋረጥ፦ ይመለስ፣ ይቁም ወይስ ይረፍ?

በዲጄአይ ፍላይ መተግበሪያ ሴፍቲ በሚለው ክፍል፣ አድቫንስድ ሴፍቲ ሴቲንግስ ውስጥ፣ ሲግናል ሎስት የሚል ምርጫ አለ። ሦስት አማራጭ ይሰጣል፤ ወደ ተነሳበት መመለስ፣ ባለበት አየር ላይ መቆም፣ ባለበት መውረድ። ከፋብሪካ የሚመጣው መመለስ ላይ ሆኖ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰው ከፍቶትም አያውቅም። በእኛ አስተያየት ግን ከካሜራ ሴቲንግ ሁሉ በፊት በየቦታው ሊታይ የሚገባው ይኸው ነው።

መመለስ ለሜዳ፣ ለእርሻ፣ ሰማዩ ክፍት ለሆነ ቦታ ሁሉ ትክክለኛው ምርጫ ነው። ድሮኑ ግንኙነት በተቋረጠ በሰከንዶች ውስጥ እርስዎ አስቀድመው ወደወሰኑለት የመመለሻ ከፍታ ይወጣል፤ ከዚያ በላይ ከነበረ ባለበት ከፍታ ይቆያል፤ ከዚያ ወደ ሆም ፖይንት፣ መነሻው ተብሎ ወደተመዘገበው ነጥብ፣ ይጓዛል። ይህ እንዲሆን ግን ሆም ፖይንቱ በትክክል የተመዘገበ መሆን አለበት። መተግበሪያው «ሆም ፖይንት ተመዘገበ» ሳይል የተነሳ ድሮን የሚመለስበትን አያውቅም፤ ወይም አየር ላይ እያለ ጂፒኤስ ሲያገኝ ያን ቦታ ቤቴ ብሎ ይይዛል። ያ ቦታ የሐይቅ መሃል ሊሆን ይችላል።

መቆም የሚመረጠው ወደ ላይ መውጣት አደጋ በሚሆንበት ቦታ ነው። ድልድይ ሥር፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ሥር፣ አዳራሽ ውስጥ። ሰርግ ለመቅረጽ አዳራሽ ውስጥ የተነሳ ድሮን በትልቅ መስኮት በኩል ጥቂት ሳተላይት ካገኘና ሲግናሉ ከተቋረጠ «ልመለስ» ብሎ ጣሪያው ላይ ይለጠፋል። ጀልባ ላይም እንዲሁ ነው። ከባሕር ዳር ተነስቶ ጣና ላይ የሚጓዝ ጀልባ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከሆም ፖይንቱ ብዙ ይርቃል፤ ድሮኑ የሚመለሰው ግን ጀልባው ወደነበረበት ውሃ ነው። በየጥቂት ደቂቃው አፕዴት ሆም ፖይንት በሚለው ነጥቡን ወደራስዎ ማዞር ወይም ምርጫውን መቆም ላይ ማድረግ ይሻላል። መቆም ዋጋው ባትሪ ነው። እርስዎ ተራምደው ሲግናሉን ለመያዝ ካልቻሉ ድሮኑ ባትሪው እስኪደክም እዚያው ይጠብቃል።

ማረፍ ለትንሽ ድሮን፣ ለክፍል ውስጥ፣ ለዝቅተኛ በረራ ብቻ ነው። በከተማ ጣሪያ፣ በውሃ ወይም ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ላይ ማረፍን መምረጥ ድሮኑን በራስ ፈቃድ መጣል ነው።

ገደል ለብቻው መታየት አለበት፤ የሀገራችን ደጋ ደግሞ ገደል አላጣም። ከገደል አፋፍ ተነስተው ድሮኑን 80 ሜትር ወደ ታች አውርደዋል እንበል። የመመለሻ ከፍታ የሚለካው ከተነሱበት ነጥብ እንጂ ከድሮኑ ሥር ካለው መሬት አይደለም። ከፍታውን 40 ሜትር ላይ ካደረጉት ሲግናሉ ሲቋረጥ ድሮኑ 120 ሜትር ቀጥ ብሎ ሽቅብ መውጣት አለበት። በሰከንድ ከ3 እስከ 5 ሜትር ቢወጣ ከ24 እስከ 40 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ከላይ ወደ ውጭ የወጣ ቋጥኝ ወይም ከገደሉ ገጽ ጎንበስ ያለ ዛፍ ካለ ይመታዋል። መላው ቀላል ነው። ከገደሉ ገጽ መጀመሪያ 30 ሜትር ያህል ወደ ፊት ይውጡ፣ ከዚያ ይውረዱ። እርስዎም ከአፋፉ አይራቁ፤ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ የገደሉ ከንፈር ሪሞቱንና ድሮኑን ይለያቸዋል። እግርዎ ለአፋፍ የሚፈራ ከሆነ ደግሞ እዚያ ቦታ ወደ ታች አያብርሩ።

የመመለሻ ከፍታ ስንት ይሁን?

በአካባቢው ካለው ረጅም ነገር ላይ ከ20 እስከ 30 ሜትር ይጨምሩ። ባለአራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ወደ 15 ሜትር ነው፤ የበቀለ ባሕር ዛፍ 40 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ በከተማ ዳርቻ 70 ሜትር ይበቃል። መሃል አዲስ አበባ ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም፤ የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን ከ200 ሜትር በላይ ነው። ብዙ ሀገር ደግሞ ከ120 ሜትር በላይ መብረርን ስለሚከለክል እንዲህ ባለ ቦታ ከፍታ መጨመር መፍትሔ አይሆንም። መፍትሔው ሕንፃው በእርስዎና በድሮኑ መካከል እንዳይገባ መቆሚያን መምረጥ ነው።

ከመጠን በላይ ማድረግም ጉዳት አለው። ነፋስ ከፍታ ሲጨምር ይበረታል። በሰው ቁመት በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ገላጣ ቦታ ላይ በ100 ሜትር ከፍታ 8 ወይም 9 ሜትር ሊሆን ይችላል። «ለጥንቃቄ» ተብሎ ሁልጊዜ 120 ላይ የተተወ ከፍታ ደክሞ የሚመለሰውን ድሮን ወደ ባሰው ነፋስ ይልከዋል።

2.4 ወይስ 5.8 ጊጋኸርትዝ?

ሪሞቱ በሁለት ሞገድ ይሠራል። 2.4 ሩቅ ይሄዳል፣ ቅጠልና ግድግዳንም በተሻለ ያልፋል፤ ችግሩ የቤት ዋይፋይ፣ ብሉቱዝና ማይክሮዌቭ ሁሉ እዚያው መጨናነቃቸው ነው። 5.8 ሰፊና ብዙ ጊዜ ያልተጨናነቀ ነው፤ ግን ቶሎ ይደክማል፣ መጋረጃ የሆነበትን ነገር አይወድም። ስለዚህ ኮንዶሚኒየም በተደረደረበት ሰፈር፣ ድሮኑ ቅርብና የሚታይ ሲሆን 5.8፤ ገጠር ከሆነ 2.4። አውሮፓ ያላችሁ አንድ ነገር ጨምሩበት። በአውሮፓ ደንብ የ2.4 ጉልበት 100 ሚሊዋት ሲሆን የ5.8 ግን 25 ሚሊዋት ብቻ ነው፤ ስለዚህ እዚያ 5.8 ይበልጥ አጭር ነው። ለማይከታተለው ሰው አውቶ ላይ መተው ምንም ነውር የለውም፤ በአብዛኛው ድሮኑ ከሰው የተሻለ ይመርጣል።

ሳጥን ላይ የተጻፈውን ኪሎ ሜትር ግን አይመኑት። ሚኒ 4 ፕሮ በአሜሪካ ደንብ 20 ኪሎ ሜትር፣ በአውሮፓ 10 ይባላል፤ አምራቹ ራሱ በከተማ ውስጥ ብሎ ያስቀመጠው ግን ከ1.5 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ነው። እሱም መሃል ላይ ምንም ከሌለ። ሬዲዮ በቀጭን ክር አይሄድም፤ እንደ ጉሎ ፍሬ መሃሉ የወፈረ መንገድ ይፈልጋል። በ2.4 ጊጋኸርትዝ፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ከመስመሩ መሃል በየአቅጣጫው 5 ሜትር ተኩል ያህል ክፍት መሆን አለበት። ድሮኑ በዓይን ከኮረብታው ጫፍ በላይ «ይታያል» እያሉ ሲግናሉ የሚደክመው ለዚህ ነው።

አንቴናውን በተመለከተ አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። የአንቴና ጫፍ ደካማ ነው፤ ብርቱው ጎኑ ነው። በሚኒ 2 እና በሚኒ 4 ፕሮ ተራ ሪሞት አንቴናው ስልኩን በሚይዘው መያዣ ውስጥ አለ፤ የመያዣውን ሰፊ ፊት ወደ ድሮኑ ያዙሩ እንጂ ጫፉን እንደ ጠመንጃ አያነጣጥሩ። ለድሮኑ ጀርባ ሰጥቶ መቆም፣ መኪና ውስጥ ሆኖ ማብረር፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቆም፣ ሦስቱም ሲግናሉን ራስ መጋረድ ነው።

በዋይፋይ ብቻ ለሚሠሩ ትንንሽ ድሮኖች ዋናው ጠላት ስልኩ ነው። የድሮኑ ዋይፋይ ኢንተርኔት እንደሌለው ስልኩ ሲያውቅ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፤ ድሮኑም ይቋረጣል። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው ዋይፋዩን ብቻ ይክፈቱ። ይህን ያህል ቀላል ነው።

መንሸራተት፦ ኮምፓስ፣ ሳተላይት፣ የታች ካሜራ

ከሦስቱ አደገኛው ኮምፓስ ነው፤ ምክንያቱም የተሳሳተ ኮምፓስ ድሮኑን ዝም አያሰኘውም፣ በልበ ሙሉነት ያሳስተዋል። ድሮኑ ሰሜን በዚህ ነው ብሎ ያምናል፤ ሰሜኑ ግን 40 ዲግሪ ወደ ጎን ነው። ነፋስ ትንሽ ሲገፋው ጂፒኤሱ «ወደ ምሥራቅ ሄደሃል፣ ተመለስ» ይለዋል፤ እሱም ወደ ምዕራብ ብሎ ያሰበውን ይሄዳል፣ ወደ ሰያፍ። ያንን ለማረም እንደገና በሰያፍ። ክቡ የሚወለደው እንዲህ ነው። ስህተቱ ከ90 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ እያንዳንዱ እርማት ያርቀዋል፤ ክብ መሥራቱን ትቶ ይሸሻል።

የዚህ መነሻ በብዛት የመነሻው ወለል ነው። የፎቅ ሶሌታ ውስጥ ፌሮ አለ። የመኪና ኮፈን ብረት ነው። የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሰርግ ላይ የተደረደረው ሞንታርቦ ከነማግኔቱ ሁሉም ያው ናቸው። ድሮኑ እዚያ ሲበራ ሰሜኑን አዛብቶ ይይዛል፤ ሁለት ሦስት ሜትር ሲነሳ ብረቱ ከሥሩ ይርቃል፣ ሁለቱ ንባቦች አይስማሙም፣ መንቀጥቀጡም ይጀምራል። ስለዚህ ከአፈር ወይም ከሣር ላይ ይነሱ። ሰገነት ላይ ግድ ከሆነ ከፍ ባለ የፕላስቲክ ወንበር ወይም ሳጥን ላይ ያስቀምጡት፤ ግማሽ ሜትር እንኳ ለውጥ ያመጣል።

ኮምፓሱን ካሊብሬት ማድረግ (ድሮኑን በእጅ እያዞሩ ንባቡን እንደገና ማስተካከል) ወይስ መተው? ሁልጊዜ ካሊብሬት አድርግ የሚለው ምክር ትክክል አይደለም። አምራቹ የሚለው መተግበሪያው ሲጠይቅ፣ ካለፈው በረራ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሲርቁ ወይም ከ30 ቀን በላይ ሳያበሩ ሲቀሩ ነው። መተግበሪያው ጠየቀ ብሎ ፌሮው ላይ ቆሞ ማዞር ደግሞ ስህተቱን ማተም ነው። መጀመሪያ ቦታ ይቀይሩ፤ ማስጠንቀቂያው ከጠፋ ካሊብሬሽኑ አላስፈለገም ማለት ነው። ሲያዞሩም ሰዓትና ቁልፍ ያውልቁ።

ሳተላይትን በተመለከተ ከ10 እስከ 12 ሳይታዩ አለመነሳት ጥሩ ልማድ ነው። በአውሮፕላን ሩቅ ሀገር ሄደው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያበሩ ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ የጂፒኤስ ሙሉ መልእክት ተላልፎ ለማለቅ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ፕሮፔለሩን ሳያዞሩ ሰማይ በሚታይበት ቦታ አስቀምጠው ይጠብቁ።

ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ በሌላ ሀገር የተጻፉ መመሪያዎች አያነሱትም። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በሀገራችን ላይ ያልፋል። በዚህ ቀበቶ ፀሐይ ከገባች በኋላ የላይኛው አየር ይታወክና የሳተላይት ሲግናል እንደ ሻማ ብልጭ ድርግም ይላል፤ በተለይ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ወራት፣ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ ፀሐይም በምትበረታባቸው ዓመታት። የደመራ ምሽት እዚያው ላይ ይወድቃል። ሕዝብ ላይ ማብረር በራሱ ጥፋት ነው፤ ሳተላይቱ ሊዋዥቅ በሚችልበት ሰዓት ማድረግ ደግሞ ሌላ ጥፋት ይጨምርበታል። በዚህ ሰዓት ለሚያበር ሰው 15 ሳተላይት አይቶ መነሳትና ድሮኑን ከ50 ሜትር በላይ አለማራቅ ነው የምንመክረው።

እስራኤል ላሉ አንባቢዎች ጉዳዩ ከተፈጥሮ ውጭ ነው። ከጥቅምት 2023 ወዲህ በተለይ በሰሜን በኩል ጂፒኤስ ሲታፈንና ሲታለል ቆይቷል፤ ቴል አቪቭ የቆመ ስልክ ቤሩት አውሮፕላን ማረፊያ ነኝ ያለባቸው ቀናት ነበሩ። መታፈንና መታለል ይለያያሉ። የታፈነ ድሮን ሳተላይት ስለሌለው አቲ ሞድ ውስጥ ይገባል፤ ያስቸግራል እንጂ አይዋሽም። የተታለለ ግን ሳተላይቱ ሙሉ ሆኖ ቦታው ሐሰት ነው፤ ሆም ፖይንቱ ሌላ ሀገር ሊሆን ይችላል። ካርታው የቆሙበትን መንገድ ካላሳየ አይነሱ። ይህ ለየትኛውም ሀገር ይሠራል።

የታች ካሜራ እንደ ዓይን ነው፤ ብርሃንና ጥለት ይፈልጋል። ከግማሽ ሜትር እስከ 10 ሜትር ከፍታ፣ ሣር፣ ጠጠር ወይም ንጣፍ ላይ በጣም ጥሩ ነው። ሐይቅ ላይ ግን ማዕበሉን ተከትሎ ይሄዳል፤ ውሃ ላይ ከ3 ሜትር በታች አይውረዱ። ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅ መጥረግም አይርሱ፤ የጣት ቅባት አንድ ቀን ሙሉ ግራ ያጋባል።

ነፋስ በሌለበት፣ ሳተላይት በሞላበት ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል ድሮን ፕሮፔለሩ ይታይ። በሚኒ 2 ዓይነቶች ላይ ምልክት ያለው ፕሮፔለር ምልክት ወዳለው ሞተር ነው የሚገባው፤ በአንድ ሞተር ላይ ያሉት ሁለት ቅጠሎችም አንዱ ቢሸረፍ አብረው ይቀየራሉ። ከድሮኑ ጋር የመጣውን ትንሽ ካቻቢቴ ይጠቀሙ፤ ብሎኑ ጥብቅ ይሁን፣ ቅጠሎቹ ግን በነፃነት ይታጠፉ።

ጂፒኤስ የሌላቸው እንደ ኢ88 ያሉ የመጫወቻ ድሮኖች መንሸራተት ጉድለት ሳይሆን ተፈጥሯቸው ነው። ጠፍጣፋ ወለል ላይ አስቀምጠው ሁለቱንም ስቲክ ወደ ታችኛው ጥግ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይያዙ፤ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ብሎ ሲረጋ ጋይሮው (ዘንበል ማለቱን የሚለካው መሣሪያ) ተስተካክሏል። ከዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሜትር አንስተው ወደ ቀኝ ከሄደ የግራ ትሪሙን፣ መንሸራተቱን የሚያርመውን ትንሽ ቁልፍ፣ አንድ አንድ ጊዜ ይጫኑ። ቅደም ተከተሉ በየሞዴሉ ስለሚለያይ ወረቀቱን ይመልከቱ።

አቅም፦ ነፋስና የደጋ አየር

ሚኒ 4ኬ እና ሚኒ 4 ፕሮ በሰከንድ እስከ 10.7 ሜትር ነፋስ ይቋቋማሉ ይባላል። ይቋቋማሉ ማለት ይቆማሉ ማለት ነው፤ ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥመው በፍጥነት ይመለሳሉ ማለት አይደለም። በደምሳሳው እናስላው። በኖርማል ሞድ በሰከንድ 10 ሜትር የሚሄድ ድሮን 8 ሜትር ነፋስ ሲገጥመው 2 ሜትር ይቀረዋል፤ 600 ሜትር ለመመለስ 5 ደቂቃ። ያው ድሮን በስፖርት ሞድ 16 ሜትር ይሄዳል፤ 8 ይቀረዋል፣ 75 ሰከንድ። ስለዚህ ነፋስ ሲይዘው የመመለሻ ቁልፉን ሳይሆን ስፖርት ሞዱን ይምረጡ፤ ከዚያ ዝቅ ያድርጉት፤ የካርታውን ቀስት ወደ ራስዎ አዙረው ስቲኩን ሙሉ ወደፊት ይግፉ። ስፖርት ላይ እንቅፋት የሚያዩት ሴንሰሮች እንደሚጠፉ ግን ይወቁ። ሲነሱም ሁልጊዜ መጀመሪያ ወደ ነፋሱ ይሂዱ፤ መልሱ ቁልቁለት ይሆናል።

ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ቀጭን ነው። በ2,400 ሜትር የአየሩ ክብደት ከባሕር ወለል አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ድሮኑ ለመንሳፈፍ ብቻ ፕሮፔለሩን ከ10 በመቶ በላይ አፍጥኖ ማዞር አለበት። ለነፋስ የሚተርፈው ጉልበት ያንሳል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። የአምራቹን የመነሻ ከፍታ ገደብ ሳያዩ አይግዙ። ሚኒ 4 ፕሮ በተራው ባትሪ 4,000 ሜትር ነው፤ በከባዱ ፕላስ ባትሪ 3,000። ኒዮ የተባለው ትንሹ የዲጄአይ ድሮን 2,000 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት።

ታዲያ የቱን ልግዛ?

ስጋትዎ መጥፋት ከሆነ የሚከፈልበት ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ መጀመሪያ ጂፒኤስ፣ ቀጥሎ ከዋይፋይ የተሻለ የሲግናል ሥርዓት ከራሱ ሪሞት ጋር፣ ከዚያ ነፋስ መቋቋም፣ በመጨረሻ እንቅፋት የሚያዩ ሴንሰሮች። ካሜራ ከእነዚህ በኋላ ነው።

ለልጅና ለክፍል ውስጥ ቴሎ የተባለው ትንሽ ድሮን ይበቃል፤ 80 ግራም፣ ጂፒኤስ የለውም፣ የታች ካሜራ ግን ስላለው ከኢ88 በጣም የተረጋጋ ነው። 100 ሜትር የዋይፋይ ርቀቱ ውጭ ላይ እንዲያበሩት መጋበዣ አይደለም። ለቆላና ለባሕር ዳርቻ ሀገር፣ ለቅርብ የራስ ቪዲዮ፣ ኒዮ ምቹ ነው፤ በስልክ ብቻ 50 ሜትር፣ ነፋስ 8 ሜትር በሰከንድ። ደጋ ላይና ውሃ ላይ አይሆንም። ለአብዛኛው ሰው ሚኒ 4ኬ የምንመርጠው ነው። በ2024 በ299 ዶላር ወጣ፤ ከ249 ግራም በታች ነው፤ እንቅፋት አያይም፣ ስለዚህ የመመለሻ ከፍታውን በጥንቃቄ ማስተካከል የእርስዎ ሥራ ይሆናል። ዛፍና ሕንፃ መሃል የሚሠራ ሰው ብቻ ነው በየአቅጣጫው የሚያየው ሚኒ 4 ፕሮ የሚገባው፤ ያም ሆኖ ቀጭን የመብራት ገመድ አያይም።

ከመግዛት በፊት ሕጉን ይዩ። ኢትዮጵያ ውስጥ ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም ቅድሚያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ ሻንጣ ውስጥ ይዞ የመጣ ሰው ቦሌ ላይ ጥሎት ይገባል። ዲሲ አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ደግሞ ከከተማው 15 ማይል ክበብ ውስጥ ናችሁ፤ ያለ ልዩ ፈቃድ ከጓሮ እንኳ አይነሳም። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ዲጄአይ በአሜሪካ ድሮኑን በራሱ ማገዱን ስላቆመ «ከተነሳማ ይፈቀዳል» የሚለው ሒሳብ ቀርቷል።

አየር ላይ እያለ

ሲግናል ከሆነ፦ ስቲኩን ይልቀቁ። ሪሞቱን ከጭንቅላት በላይ ያንሱ፣ የአንቴናውን ፊት ያዙሩ፣ ከመኪናና ከግድግዳ ይራቁ፣ ከፍ ወዳለ ቦታ ይራመዱ። ሰዓቱን፣ የመጨረሻውን ርቀትና ከፍታ ስክሪንሾት ያንሱ። ሲግናሉ ሲመለስ ቸኩለው መመለሱን አይሰርዙ፤ መሃል ላይ እንቅፋት ካለ ብቻ ያቁሙትና በእጅ ይምጡ።

ኮምፓስ ከሆነ፦ የመመለሻ ቁልፉን አይንኩ፤ ወዴት እንደሚመለስ የማያውቅ ድሮን እንዲመለስ ማዘዝ ነው። በአጫጭር የስቲክ ንክኪ እየመለሱት ወዲያው ወደ ታች ያውርዱ። ሣር ላይ ተንጋዶ ቢያርፍ ፕሮፔለር ብቻ ይሰበር ይሆናል።

ነፋስ ከሆነና ባትሪው 25 በመቶ ደርሶ ርቀቱ ካልቀነሰ፣ ትግሉን ይተዉ። ነፋሱ ወደሚወስድበት በኩል ባዶ ሜዳ በካሜራው ይፈልጉና ባትሪ እያለ እዚያ ያሳርፉት። ሄዶ ማምጣት ይቻላል፤ 5 በመቶ ላይ ግን ቦታውን የሚመርጠው ድሮኑ ነው።

ከወደቀ ፋይንድ ማይ ድሮን የሚለውን ይክፈቱ። ባትሪው ካልተነቀለና ከተገናኘ ድምፅ ያሰማል፣ መብራትም ያበራል፤ ሪሞቱን ክፍት አድርገው ይቅረቡት። የመጨረሻው ነጥብ ላይ ብቻ አይቁሙ። ከ60 ሜትር የወደቀ ድሮን በ8 ሜትር ነፋስ 30 ወይም 40 ሜትር ወደ ጎን ሊወሰድ ይችላል፤ ነፋሱ ወደሄደበት በኩል ሜዳውን ወይም እርሻውን መስመር በመስመር እየፈለጉ ይሂዱ። ስልኩ ላይ የተቀመጠውን ቪዲዮ የመጨረሻ ሁለት ሰከንድ ቀስ አድርገው ይመልከቱት፤ የጣሪያ ቀለም ወይም የመንገድ ጥግ ይገኝበታል። ውሃ ውስጥ ካገኙት አያብሩት፤ ባትሪውን ያውጡ፣ ካርዱን ያውጡ። ያበጠ ባትሪ ወደ ቤት አይግባ።